አመዱ ከየትኛው ተራራ ነው?

ህዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በአፋር ክልል፣ በኤርታሌ ሰንሰለት ላይ የሚገኘው የሃይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ ፈነዳ። ከዚያ በፊት መፈንዳቱን የመዘገበ ሰው አልነበረም። አመዱ በአፍዴራ አካባቢ የከብቱን ግጦሽ ሸፈነ፤ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በየመንና በኦማን በኩል አድርጎ ሕንድ ሰማይ ላይ ደረሰ፤ በረራዎችም ተሰረዙ።

ከብዙ ሺህ ዓመት በኋላ አንድ ሰው አፍዴራ ላይ፣ ሌላው የመን ላይ ቢቆፍሩና ሁለቱም ያንኑ አመድ ቢያገኙ፣ ከአመዱ ሥር ያለው ሁሉ ከህዳር 2018 በፊት፣ ከላዩ ያለው ደግሞ ከዚያ በኋላ የተከማቸ መሆኑን ያውቃሉ። ሁለቱ ጉድጓዶች የቱንም ያህል ቢራራቁ በአንድ ቀን ተገናኝተዋል ማለት ነው። ቴፍሮክሮኖሎጂ የሚባለው የጥናት ዘርፍ የቆመው በዚህ ሐሳብ ላይ ነው። ስሙን ያወጣለት አይስላንዳዊው የሥነ ምድር ሊቅ ሲጉርዱር ቶራሪንሶን ሲሆን፣ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1944 ነበር።

አመድ እንበለው እንጂ የምድጃ አመድ አይደለም፤ ተቃጥሎ የቀረ ነገር የለበትም። ከምድር ሥር ያለው ቅልጥ አለት፣ ማግማ፣ የሟሟ የውሃ ተንና ሌላ ጋዝ ይዟል። ወደ ላይ ሲወጣ የሚጫነው ግፊት ይቀንሳል፤ ጋዙ አረፋ ይሠራል፤ አረፋው ሲለጠጥ ማግማውን ይበጣጥሰዋል። ብጥስጣሹ አየር ላይ ፈጥኖ ስለሚቀዘቅዝ ማዕድን ለመሥራት ጊዜ አያገኝም፤ ብርጭቆ ሆኖ ይቀራል። ከ2 ሚሊ ሜትር ያነሰው አመድ ይባላል። ደቃቁ ከነፋስ ጋር ይሄዳል፤ ማግማው ውስጥ አስቀድመው የተፈጠሩት ከበድ ያሉ ክሪስታሎች ግን በአብዛኛው እዚያው ተራራው አጠገብ ይወድቃሉ። ይህ ልዩነት ለተመራማሪዎች ብዙ ጣጣ አምጥቷል፤ ወደ እሱ እንመለሳለን።

በብርጭቆው ውስጥ ያለው የሲሊካ፣ የብረት፣ የፖታሲየምና የሶዲየም መጠን፣ እንዲሁም እንደ ዚርኮኒየም ያሉ በጥቂቱ የሚገኙ ንጥረ ነገሮች መጠን ከተራራ ተራራ፣ ብዙ ጊዜም ከፍንዳታ ፍንዳታ ይለያያል። ላቦራቶሪ ውስጥ አንዷን ቅንጣት በኤሌክትሮን ጨረር መትተው ከምታወጣው ኤክስሬይ ይዘቷን ያነባሉ። ሩቅ አገር የተገኘች ቅንጣት ከየት እንደመጣች የሚታወቀው እንዲህ ነው።

ይዘቱ የአመዱን ምንጭ ይናገራል እንጂ ዕድሜውን አይናገርም። ዕድሜው የሚገኘው ከክሪስታሎቹ ነው። ፌልድስፓር በተባለው ማዕድን ውስጥ ካለው ፖታሲየም እጅግ ጥቂቱ ጨረር አመንጪ ነው፤ ግማሹ እስኪበሰብስ 1.25 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ይፈጃል፤ ከሚበሰብሰውም ከፊሉ አርጎን ወደሚባል ጋዝ ይለወጣል። ማግማው እሳት ሳለ አርጎኑ ያመልጣል፤ ከፍንዳታው በኋላ ግን ክሪስታሉ ውስጥ ይታሰራል። የተጠራቀመውን የለካ፣ ፍንዳታው የደረሰበትን ዘመን ያሰላል። የድንቅነሽ 3.18 ሚሊዮን ዓመትም ሐዳር ላይ ከሚገኝ የአመድ ንጣፍ በዚሁ መንገድ የተገኘ ነው።

ጣጣው የሚመጣው አጥንቱ ያለበት ቦታና ለመለካት የሚበቃ ክሪስታል ያለበት ቦታ ሳይገጣጠሙ ሲቀሩ ነው። የኦሞ ኪቢሽ ታሪክ ይህን አጉልቶ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1967 በሪቻርድ ሊኪ የሚመራ ቡድን በታችኛው የኦሞ ሸለቆ፣ ኪቢሽ ላይ፣ የሰው ቅሪተ አካል አገኘ፤ ኦሞ አንድ ተባለ። በመጀመሪያ ከዛጎል ተነሥተው 130,000 ዓመት ገደማ ሰጡት። እ.ኤ.አ. በ2005 ሌሎች ተመራማሪዎች ወደ 195,000 ከፍ አደረጉት። ከቅሪተ አካሉ በላይ ግን ከ2 ሜትር የሚበልጥ ውፍረት ያለው የአመድ ንጣፍ ተጋድሟል፤ ዕድሜው ቢታወቅ አጥንቱ ከዚያ እንደሚበልጥ ያለ ክርክር ይረጋገጥ ነበር። አመዱ እጅግ ደቃቅ ስለሆነ በአርጎን የሚለካ ነገር አልተገኘበትም።

የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲዋ ሴሊን ቪዳል፣ ኢትዮጵያዊው የሥነ ምድር ተመራማሪ አስፋወሰን አስራትና ባልደረቦቻቸው ጥያቄውን ወደ ተራሮቹ ወሰዱት። ከስምጥ ሸለቆው እሳተ ገሞራዎች ናሙና ሰብስበው ከኪቢሹ ብርጭቆ ጋር አስተያዩ። የገጠመው ሻላ ነው፤ ከኪቢሽ ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ዛሬ ውሃ የያዘው የሻላ ጎድጓዳ ራሱ በጥንት ፍንዳታ የተደረመሰ ተራራ ነው። እዚያ፣ ምንጩ አጠገብ፣ ክሪስታሎቹ ተርፈዋል፤ ሲለኩም 233,000 ዓመት ሆኑ፤ 22,000 ዓመት ወዲህ ወይም ወዲያ ሊል ይችላል። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2022 ኔቸር መጽሔት ላይ ታተመ። ሻላ ላይ አጥንት የለም፤ ኪቢሽ ላይ የሚለካ ክሪስታል የለም፤ ሁለቱን ያገናኘው የብርጭቆው ይዘት ነው። ኦሞ አንድ ከአመዱ ሥር ስለሆነ ቁጥሩ የዕድሜው መነሻ እንጂ ጣሪያ አይደለም።

አመድ ዘመን ከመቁጠር አልፎ፣ ሰዎች ምን ዓይነት አየር ንብረት ውስጥ እንደኖሩ ለማወቅም ይረዳል። ከመተማ ብዙም በማይርቀው በሽንፋ ወንዝ ዳር አርኪዮሎጂስቶች በዓይን የማይታዩ የብርጭቆ ቅንጣቶች አገኙ። ምንጫቸው ኢንዶኔዥያ ውስጥ፣ 7,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ ከ74,000 ዓመት በፊት የፈነዳው ቶባ ነው። ያ ፍንዳታ የሰውን ዘር ሊያጠፋ ጥቂት ቀርቶት ነበር የሚሉ ነበሩ። የሽንፋ ሰዎች ግን አልጠፉም። በሰጎን እንቁላል ቅርፊት ውስጥ ያለው ኦክስጅን፣ ከአመዱ በኋላ አየሩ ይበልጥ መድረቁን ይመሰክራል፤ በዚያው ጊዜ በመኖሪያቸው የተገኘው የዓሣ አጥንት ድርሻ ጨምሯል። ወንዙ ሲቀንስ በየኩሬው የቀረውን ዓሣ ማጥመዳቸውን ተመራማሪዎቹ እ.ኤ.አ. በ2024 ጽፈዋል። አመዱ ባይኖር ድርቁንና የአመጋገቡን ለውጥ ከቶባ ጋር የሚያያይዝ ነገር አይገኝም ነበር።

ይህ ሁሉ ለሙዚየም ብቻ የሚጠቅም እንዳይመስል። ጥናቶች እንደሚያሳዩት ከ320,000 እስከ 170,000 ዓመት በፊት ባለው ዘመን በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ትላልቅ ፍንዳታዎች ተደጋግመዋል፤ ሻላ አንዱ ነበር። የእንፋሎት ኃይል ማመንጫ የተተከለበት አሉቶና ከሐዋሳ አጠገብ ያለው ኮርቤቲ ዛሬም ሙቀታቸው አልበረደም። በየስንት ጊዜው እንደሚፈነዱ የሚነግር የጽሑፍ መዝገብ የለም፤ ያለው በሐይቆች ጭቃ ውስጥ የተነባበረው አመድ ነው። እያንዳንዱን ንጣፍ ለባለቤቱ ተራራ መመደብና ዕድሜውን መለካት ለኦሞ አንድ የተሠራው ያው ሥራ ነው። ሃይሊ ጉቢ ሲፈነዳ ተጠግቶ የሚጠብቀው አልነበረም፤ የሚቀጥለው ተራራ ከተማ አጠገብ ያለ ቢሆን፣ ለማስጠንቀቅ የሚረዳው ከወዲሁ የተሟላ የአመድ ዝርዝር ነው።