ዓይነ ሥውርነትና ገዳም ለብዙኃን አንባቢ በተጻፉ የታሪክ ጽሑፎች፦ የዋግሹም ጎበዜ ፍጻሜ እንደ ማሳያ

የአካል ጉዳትን አቀራረብ ስናጠና አብዛኛውን ጊዜ የምንመለከተው የልብ ወለድ ገጸ ባሕርያትን ነው። ሆኖም ለብዙኃን አንባቢ የሚታተሙ የታሪክ መጻሕፍትና የመጽሔት ዓምዶችም ገጸ ባሕርይ ይቀርጻሉ። በዚህ አጭር ጽሑፍ የዳግማዊ አፄ ተክለ ጊዮርጊስን (የዋግሹም ጎበዜን) ፍጻሜ ወስጄ፣ እነዚህ ጽሑፎች ዓይነ ሥውርነትንና ተቋምን እንዴት እንደሚያያይዙ ለማሳየት እሞክራለሁ።

ታሪኩ በአጭሩ ይህ ነው። መናገሻቸው ሰቆጣ ከነበረው ከዋግሹሞች ዘር የተወለዱት ጎበዜ፣ አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ከሞቱ በኋላ በ1860 ዓ.ም. ነገሡ። ሐምሌ 1863 ዓ.ም. ዓድዋ አጠገብ ከእቴጌ ድንቅነሽ ምርጫ ወንድም፣ ከደጃዝማች ካሣ ጋር ተዋጉ። ከእንግሊዞች መሣሪያ ያገኙት ካሣ ድል አድርገው ኋላ አፄ ዮሐንስ አራተኛ ተባሉ። የተማረኩት ንጉሥ ግን ዓይናቸው ጠፍቶ በትግራይ በገዳም ታስረው እንደሞቱ ይተረካል።

ባነበብኳቸው ጽሑፎች ይህ ፍጻሜ ከአንድ ወይም ከሁለት ዓረፍተ ነገር አያልፍም። ግሶቹን ልብ ይሏል። ጎበዜ እስከ ጦርነቱ ድረስ «ነገሡ»፣ «ዘመቱ»፣ «ተዋጉ» ይባላሉ። ከዚያ በኋላ «ተማረኩ»፣ «ታሰሩ» ይመጣል፤ በ«ዓይናቸው ጠፋ» ላይ ደግሞ የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ዓይን እንጂ ሰውየው አይደሉም። ከዚህ ቀጥሎ ተራኪው ወደ አዲሱ ንጉሥ ያልፋል። በገዳም ያሳለፉት ዘመን ታሪክ የለውም።

ዓይን ማጥፋት ባላጋራን ከዙፋን ማራቂያ ሆኖ በሌላም አገር ይታወቃል። የቢዛንታይኑ ይስሐቅ ዳግማዊ በ1195 እ.ኤ.አ. በገዛ ወንድሙ ዓይኑ ጠፍቶ ታስሯል፤ በ1203 እ.ኤ.አ. ግን ተመልሶ ነግሧል። ስለዚህ ዓይን መጥፋቱ በራሱ የታሪክ ማብቂያ አይደለም፤ ማብቂያ የሚያደርገው የአተራረክ ልማድ ነው።

ገዳሙም ቢሆን በእነዚህ ጽሑፎች አንድ ገጽታ ብቻ አለው፤ እስር ቤት ነው። በአገራችን ግን ገዳምና ደብር የቃል ትምህርት ቤትም ናቸው። ዜማና ቅኔ በጆሮ ስለሚቀሰሙ ዓይነ ሥውር ተማሪ መምህር እስከ መሆን ይደርሳል። አንድ ሰው በሚታሰርበት ዐጸድ ሌላው ሊያስተምር ይችላል። ተራኪው ይህን ሁለተኛ ገጽታ ሲተው ዓይነ ሥውርነትን ከቅጣት ጋር ብቻ አጣብቆ ያስቀራል።

ስያሜዎች ተለውጠዋል። «ዕውር» የሚለው ቃል ለ«ዓይነ ሥውር» ቦታ ለቅቋል፤ «ሥውር» በግእዝ የተሰወረ ማለት ነው። የሰበታው መርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት በስሙ የቀደመውን ቃል ጠብቋል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ስለ አካልና አእምሮ ጉዳተኞች ይናገራል። ነገር ግን ስያሜው ቢታረምም ሰውየው የግስ ባለቤትነቱን ካልመለሰ አቀራረቡ ያው ነው።

ስለሆነም የጥናት ተማሪዎች ሁለት ነገር ቢያደርጉ እላለሁ። አንደኛ፣ አንድን ጽሑፍ ሲመረምሩ ከስያሜው ባሻገር ግሱንና ባለቤቱን ይቁጠሩ። ሁለተኛ፣ በሰቆጣና በአካባቢው በአማርኛና በኽምጣንጋ ስለ ጎበዜ የሚነገረውን ከኅትመቱ ጋር ያነጻጽሩ፤ በቃል ትረካው ንጉሡ ከዓይናቸው መጥፋት በኋላ የሚናገሩት ወይም የሚሠሩት ነገር ካለ፣ ኅትመቱ የቆረጠው የት ላይ እንደሆነ ያን ጊዜ ይለያል።