«በሞቴ» እና ቁንጣን

በመስከረም ወር በሶዶ ከተማ፥ ሆስፒታሉ በሚገኝበት በኦቶና፥ የጊፋታ እንግዶች ሆነን ሰንብተን ነበር። ጊፋታ የወላይታ ሕዝብ አዲስ ዓመት ነው። ለዚህ በዓል ወንዶቹ በማኅበር ሆነው የበሬ መግዣ ገንዘብ ሲያጠራቅሙ፥ ሴቶቹም ቅቤ ሲያጠራቅሙ ይከርማሉ። ዓመት ሙሉ የተቈጠበው በጥቂት ቀን ውስጥ ሲቀርብ ማዕዱ ምን ያህል እንደሚሆን አንባቢ ይገምተው። ጥሬው ሥጋ ከዳጣው ጋራ፥ ቆጮው በቅቤ ርሶ፥ አንዱ ሳያልቅ ሌላው ይደርሳል። ብዙው ቤት ፕሮቴስታንት ስለ ሆነ መጠጡ አይበረታም፤ ሥጋው ግን የመጠጡን ድርሻ ጭምር ይዞ ይመጣል።

ከሦስተኛው ቤት ስንወጣ መራመድ አቃተን። አብሮን የነበረው ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ «ቁንጣን ያዘን» አለ። ይኸው ቃል ሲያነጋግረን ዋለ።

አማርኛችን ከልክ ላለፈ ሰው ቃል አያጣም። አብዝቶ የበላውን ቁንጣን ይይዘዋል፤ ሆዱም ይቆዘራል። የጠጣው በመጀመሪያ ሞቅ ይለዋል፤ ቀጥሎ ይሰክራል፤ ከዚያም ጥንብዝ ይላል፤ ማግስቱንም ከአንጎበር ጋራ ይውላል። «ጠገበ» የሚለው ቃልማ ሆዱ የሞላውንም ልቡ ያበጠውንም ባንድነት ይዟል፤ «ጥጋበኛ» የተባለው ሰው ምናልባት ቁርሱን እንኳ አልበላ ይሆናል። ሆዳም፥ ሰካራም፥ ጥጋበኛ እያልን ስድቡን ሁሉ የምናወርደው በተጋባዡ ላይ ነው።

አስገድዶ ለሚያበላው ጋባዥስ የስድብ ቃል አለንን? ብንፈልግ አላገኘንም። ለእርሱ የሰጠነው መሐላ ነው፤ «በሞቴ»፥ «አፈር ስሆን»። የኦቶና ባለቤቶቻችንም እርስ በርሳቸው በወላይትኛ ሲጫወቱ ቈይተው ወደ እኛ ሲመለሱ የሚቀድማቸው የአማርኛ ቃል «በሞቴ» ነበር። በሞቱ ከማለ ሰው ፊት እጁን የሚሰበስብ ማን ነው? ጉርሻም ቢሆን አንዱ ያጣላል ተብሎ ሁለተኛው ይከተላል፤ ሦስተኛውም አይቀርም። አዲስ ተመድቦ የሄደ ወጣት ሹም ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ይቸገራል፤ እንቢ ቢል ንቀት፥ እሺ ቢል ቁንጣን ነው። ጥሬ ሥጋ የኮሶ ትል እንደሚያመጣ ያውቃል፤ አያቶቹ በየሁለት ወሩ ኮሶ የሚጠጡት ለዚሁ ነበር። ነገር ግን ይህን በማዕድ ላይ እንዴት አድርጎ ይናገረዋል?

አራተኛው ቤት ስንደርስ አንዲት እናት ገና ከበሩ ፊታችንን አይተው ሳቁ። «ለእናንተስ ቡና ይበቃል» አሉን። «በሞቴ» አላሉም። ተዝናንተን ሁለት ሁለት ስኒ ጠጣን። ስንነሣ ግን፥ ለመንገድ ብለው፥ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ አስያዙን።