ተረትና እውነታ፦ የዐይን ሞራ፣ ወረንጦና የጎረቤት ጠብታ

«ሞራው ገና አልበሰለም፤ ሲበስል ይወጣል።» ይህን ምክር ሰምተው ዓመታት በጨለማ የቆዩ አረጋውያን ብዙ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2006 ይፋ በሆነው አገር አቀፍ የዐይን ጥናት፣ በኢትዮጵያ ዐይናቸውን ካጡት ሰዎች ግማሽ ያህሉ ለዚህ የበቁት በሞራ ግርዶሽ ነው። ሞራ ደግሞ ታክሞ ብርሃን የሚመለስበት ሕመም ነው።

ብዙዎች ሞራውን በዐይን ላይ እንደተጋረደ ስስ ቆዳ ስለሚያስቡት፣ በጠብታ የሚሟሟ ወይም የባህል ሐኪም የሚገፈው ይመስላቸዋል። የሚደፈርሰው ግን ከብሌኑ በስተኋላ ያለው የተፈጥሮ ሌንስ ነው፤ የሚያጠራው ጠብታም የለም። በቀዶ ሕክምና ይወጣና በቦታው ሰው ሠራሽ ሌንስ ይገባል። አብዛኛውን ጊዜ የሚደነዝዘው ዐይኑ ብቻ ነው። የሰው ፊት መለየት ወይም ጤፍ መልቀም ካስቸገረ ጊዜው ደርሷል። ከልክ በላይ የቆየ ሞራ ይጠጥርና ቀዶ ሕክምናውን ያከብደዋል።

ወደ ወረንጦው እንምጣ። በገጠር ልጅ የእናቷን ራስ ጭኗ ላይ አስደግፋ፣ ወደ ውስጥ ተቀልብሶ የሚወጋትን የዐይን ፀጉር አንድ በአንድ ትነቅልላታለች። እናትየው እፎይ ትላለች፤ እፎይታዋም የእውነት ነው። ነገር ግን ከሳምንታት በኋላ ፀጉሩ አጭርና ጠንካራ ሆኖ ይበቅላል፤ በእያንዳንዱ ርግብታም የዐይኗን ብርሃን መግቢያ ይፍቃል። የችግሩ ሥር ያለው የዐይን ቆቡ ላይ ነው፤ ከልጅነት ጀምሮ የተመላለሰባት ትራኮማ ቆቡን ከውስጥ አጠባስሶ አጥፎታል። ስለዚህ መፍትሔው ቆቡን በቀላል ቀዶ ሕክምና ማቃናት ነው፤ ይህንንም የሠለጠኑ ባለሙያዎች በጤና ጣቢያ ይሠሩታል። የገቡት ፀጉሮች ጥቂት ከሆኑ ባለሙያው እየተከታተለ መንቀልን ሊመርጥ ይችላል፤ ውሳኔው ግን የእርሱ ይሁን።

ትራኮማን ምች ወይም የምድጃ ጭስ አያመጣውም። የሚያመጣው ተላላፊ ባክቴሪያ ነው፤ በእጅ፣ ፊት በተጠረገበት ነጠላና በዝንብ ይተላለፋል። ሕፃናትን የሚንከባከቡ እናቶች በብዛት የሚጠቁትም ለዚህ ነው። የልጅን ፊት በየቀኑ ማጠብና መጸዳጃ ቤት መጠቀም ይከላከሉታል፤ ዝንቡ የሚራባው ሜዳ ላይ በተጣለ ዐይነ ምድር ነውና።

መነጽር ዐይን ያደክማል የሚባለውም ልክ አይደለም፤ ልጁ ሰሌዳው ካልታየው ይመርመርለት።

እኔን ከሁሉ ይበልጥ የሚያስፈራኝ ግን የጎረቤት ጠብታ ነው። «ለእኔ ፈውሶኛል» ተብሎ የሚሰጠው ጠብታ ስቴሮይድ ካለበት ቅላቱንና ማሳከኩን ወዲያው ያስታግሣል፤ ለወራት ሲጨመር ግን የዐይን ግፊትን ከፍ ሊያደርግ፣ ግላኮማም ሊያስከትል ይችላል። ግላኮማ ብዙ ጊዜ ሳያሳምም ከዳር ጀምሮ እይታን ይበላል። ሕክምናው የቀረውን ያድናል እንጂ የጠፋውን አይመልስም።

ስለዚህ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የገዛችሁት ጠብታ ቤት ውስጥ ካለ አትጨምሩት፤ በተለይ ለልጅ። ዕድሜያችሁ ከ40 ካለፈ ወይም በቤተሰባችሁ ግላኮማ ያለበት ሰው ካለ፣ ምንም ባያማችሁም የዐይን ግፊታችሁን ተለኩ።