የባል ግርዛትና የሚስት ጤና

በብዙው የአገራችን ክፍል ወንድ ልጅ የሚገረዘው በሕፃንነቱ ነው። በክርስቲያኑ ዘንድ በተወለደ በ8ኛው ቀን መግረዝ የቆየ ልማድ ነው። ስለዚህ ብዙዎቻችን ግርዛትን የአባትና የገራዥ ጉዳይ ነው ብለን እናልፈዋለን። እዚህ ላይ የምንጽፈው ግን ካደገ በኋላ ስለሚገረዝ ወንድና ስለ ሚስቱ ነው። ታዲያ ሚስት በባሏ ግርዛት ምን አገባት? በጣም ያገባታል እንላለን።

በመጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። «ግርዛት» የሚለው ቃል ለወንዱም ለሴቷም ያገለግላል። ነገሩ ግን ለየቅል ነው። የሴት ልጅ ግርዛት ለጤና የሚሰጠው አንዳችም ጥቅም የለም። ደም ያፈሳል፤ በወሊድ ጊዜ ያሠቃያል፤ ሊገድልም ይችላል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን ይቀጣዋል። ከዚህ በታች «ግርዛት» ስንል የወንዱን ብቻ ማለታችን ነው። የምንጠቅሳቸው ሌሎች ዓመቶችም በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ግርዛት ኤች.አይ.ቪን የሚከላከለው እንዴት ነው?

የሸለፈት የውስጥ ቆዳ ስስ ነው። በቀላሉ ይላጣል። ቫይረሱ የሚይዛቸው የሰውነት ሕዋሳትም በብዛት ይገኙበታል። ሸለፈቱ ሲቆረጥ ቫይረሱ ወደ ወንዱ የሚገባበት በር ይጠብባል።

ይህ በግምት የተባለ አይደለም። በደቡብ አፍሪካ በኦሬንጅ ፋርም፣ በኬንያ በኪሱሙ፣ በኡጋንዳም በራካይ ተፈትኗል። ከ11,000 በላይ ፈቃደኛ ወንዶች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ ወዲያው ተገረዙ። ግማሾቹ እንዲቆዩ ተደረገ። በተገረዙት ላይ ከሴት ወደ ወንድ የሚተላለፈው በሽታ በ60 በመቶ ገደማ ቀነሰ። ስለዚህ በ2007 የዓለም ጤና ድርጅት በሽታው በበዛባቸውና ወንዶች በማይገረዙባቸው አገሮች አገልግሎቱ እንዲሰጥ መከረ። እስከ 2019 መጨረሻ ድረስ በምሥራቅና በደቡብ አፍሪካ አገሮች 27 ሚሊዮን ያህል ወንዶች ተገርዘዋል።

60 በመቶ ማለት ምን ማለት ነው? ሳይገረዙ ቢቀሩ 10 ሰዎች ይያዙ ነበር እንበል። ቢገረዙ 6ቱ ይተርፋሉ፤ 4ቱ ግን ይያዛሉ። 10 ክንድ ከሚሆን የበረት አጥር 6 ክንዱን አጥረን 4ቱን ብንተወው፣ ጅቡ በክፍቱ ይገባል እኮ! ግርዛት ጠቃሚ አጥር ነው፤ ሙሉ አጥር ግን አይደለም። የቀረውን ክፍት የሚዘጋው ኮንዶም፣ ምርመራ፣ ሕክምናና በአንድ መወሰን ነው።

ሚስትስ ምን ታገኛለች?

ይህን ሁሉም ሴት ልታውቀው ይገባል። ግርዛቱ በቀጥታ የሚጠብቀው ወንዱን ነው። ቫይረሱ አስቀድሞ በደሙ ካለ ግን መገረዙ ሚስቱን አያድናትም። በራካይ የተደረገና በ2009 የወጣ ሌላ ጥናት ይህን መርምሯል። ቫይረሱ ካለባቸውና ከተገረዙ ወንዶች ሚስቶች መካከል በሁለት ዓመት ውስጥ ከ100 18 ያህሉ ተያዙ። ካልተገረዙት ሚስቶች መካከል ከ100 12 ያህሉ ተያዙ። የተጠኑት ባልና ሚስት ጥቂት ስለ ነበሩ ግርዛቱ ጎዳ ለማለት አይቻልም። ሚስቶቹን ጠቀመ ለማለትም አይቻልም።

ሴቷ የምታገኘው ጥቅም የሚመጣው ዞሮ ነው። የሚያዙ ወንዶች ሲያንሱ፣ የሚያዙ ሴቶችም ከጊዜ በኋላ ያንሳሉ። ደግሞም የተገረዘ ወንድ ለማህፀን በር ካንሰር መነሻ የሚሆነውን ቫይረስ የመሸከም ዕድሉ ይቀንሳል።

ስድስቱ ሳምንት

ቁስሉ እስኪድን ድረስ ባልና ሚስት 6 ሳምንት ከግብረ ሥጋ ግንኙነት መታቀብ አለባቸው። ቁስሉ ከላይ የዳነ ቢመስልም ከውስጥ ላይጠግግ ይችላል። በዚያ ሰዓት ቢገናኙ ቫይረሱ ለመተላለፍ ይቀለዋል። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ማለት ይህ ነው።

እነዚህን 6 ሳምንቶች ባል ብቻውን ሊጠብቃቸው አይችልም። ሚስትም ማወቅና መስማማት አለባት። ነገሩ ያልተነገራት ሴት፣ ባሏ ሲጠጋት በምን አፏ «ቆይ» ትላለች? ስለዚህ የጤና ባለሙያው ለሁለቱም መንገር ይገባዋል።

የኒያንዛ ሴቶች

በኬንያ በኒያንዛ የሚኖሩት ሉኦዎች በባህላቸው አይገረዙም። ድሮ ልጅ ለአቅመ አዳም ሲደርስ ከፊት 6 የታች ጥርሶቹ ይነቀሉ ነበር። በ2008 የግርዛት ፕሮግራም ሲጀመር ባህላችን ጠፋ ያሉ ሽማግሌዎች ነበሩ። የሉኦ ተወላጅ የሆኑት የወቅቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ራይላ ኦዲንጋ ግን ደገፉት።

በዚያ ሥራ ሴቶች ብዙ ድርሻ ነበራቸው። ሚስቶች ከባሎቻቸው ጋር መከሩ። እናቶች ገና ላልጎለመሱ ልጆቻቸው ፈቃድ ሰጡ። ሴት ነርሶችም ከገራዦቹ መካከል ነበሩ። ወንዱ የሥራ ቀን ይቀርብኛል ብሎ ሲያመነታ የምታበረታታው የቤቱ እመቤት ናት።

ከአገራችንም ጋምቤላ ይህ ጉዳይ ይመለከተዋል። በዚያ ብዙ የኑዌርና የአኝዋ ወንዶች በባህል አይገረዙም። በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት፣ በጋምቤላ ከ100 ጎልማሶች ወደ 5 የሚጠጉት ቫይረሱ በደማቸው ተገኝቷል። በመላ አገሪቱ ግን ከ100 1 ያህል ብቻ ነበር።

ምን እናድርግ?

አደጋው ወንዱ «ተገርዣለሁ፤ ኮንዶም ምን ያደርግልኛል?» ያለ ቀን ነው። ሚስት ነገሩን ካላወቀች መልስ ያጥራታል። ካወቀች ግን «መገረዝህ ለአንተ ነው፤ እኔን የሚጠብቀኝ ሌላ ነው» ትለዋለች። ሴትን ስበኪልን እያሉ፣ ስለ ራሷ ጤና ሳይነግሯት መቅረት ደግ አይደለም።

ስለዚህ ባልና ሚስት አብረው ጤና ጣቢያ ሄደው ይመርመሩ። ቫይረሱ የተገኘበት መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ይውሰድ። ቫይረሱ በምርመራ እስከማይታይ ድረስ ከቀነሰ በግብረ ሥጋ ግንኙነት አይተላለፍም። ግርዛቱን የሠለጠነ ባለሙያ በንጹሕ መሣሪያ ይሥራው። 6ቱን ሳምንት በትዕግሥት ይጠብቁ። ማንም በግድ አይገረዝ።

አንብበን እንወያይ

1. ግርዛት ሙሉ አጥር አይደለም የተባለው ለምንድን ነው?
2. ባልና ሚስት 6 ሳምንት መታቀብ ያለባቸው ለምንድን ነው?
3. የባሏ ግርዛት ሚስትን በቀጥታ የማይጠብቃት መቼ ነው? እርሷስ ራሷን በምን ትጠብቅ?