ደብተሩን ዝጋና አስረዳኝ

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ከሆኑ ወዲህ «በርትተህ አጥና» የማይል የለም፤ እዚህ በከተማችን በሁሩታም ያው ነው። እንዴት እንደሚጠና ግን ለተማሪው ማን ይነግረዋል?

ሌሊቱን ደብተር ላይ አፍጥጦ ያደረ ልጅ ፈተናው ላይ «ጠፋብኝ» ቢል ሰነፍ አትበሉት። ብዙ ጊዜ የጎደለው የሚያውቀውን ከማያውቀው መለየት ነው። ምሁራን ሜታኮግኒሽን ይሉታል።

ደጋግሞ ማንበብ ያታልላል፤ ዓይን ገጹን ሲለምደው የገባን ይመስለናል። ተመራማሪዎቹ ሮዲገርና ካርፒክ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ጥናት፣ ጽሑፉን ደጋግመው ያነበቡ ተማሪዎች ከሳምንት በኋላ 40 በመቶ ገደማ ሲያስታውሱ፣ አንብበው ሦስት ጊዜ ራሳቸውን የፈተኑት 61 በመቶ አስታወሱ። የሚገርመው፣ አስቀድመው «አንረሳውም» ብለው ይበልጥ የተማመኑት ደጋጋሚዎቹ ነበሩ!

የቅኔ ተማሪ ይህን ጥናት አልጠበቀም። ቅኔውን ብቻውን ቆጥሮ፣ መምህሩ ፊት ነግሮ፣ ታርሞ ይመለሳል።

ዛሬ ማታ ልጃችሁ ባዮሎጂ ሲያጠና ደብተሩን አስዘጉትና «እስቲ አስረዳኝ» በሉት። ትምህርቱን ባታውቁትም የተንተባተበበት ቦታ ይሰማችኋል። እዚያው ላይ በእርሳስ ምልክት ያድርግ፤ ነገ ጥናቱን ከዚያ ይጀምር።