ኢንተርኔት በዲሽ፦ ለጨፋ ቤት ይሆናል?

በከሚሴ ዲሽ ብርቅ አይደለም። አንዱ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ጥቂት በጥቂት ያዞረዋል፤ ሌላው ከቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጦ «ኳሊቲ መጣ! ተው፣ እዛው ላይ እሰረው!» እያለ ይጮኻል። ኢንተርኔት የሚያመጣው ዲሽ የዚሁ ዘመድ ነው። ልዩነቱ፣ የቴሌቪዥኑ ይቀበላል እንጂ አይልክም፤ የኢንተርኔቱ ግን ከቤት የወጣውን መልእክት ወደ ሳተላይቱ መልሶ ይልካል። ስለዚህ ዋጋውም ይወደዳል፣ መብራትም ይበላል።

እኔ ሁለተኛ ደረጃ የተማርኩት በ1990ዎቹ መጨረሻ በመጣው ፕላዝማ ነው። ትምህርቱ ከሳተላይት በእንግሊዝኛ ይወርዳል። ጥያቄ ተሰጥቶ ሰከንዱ ሲቆጠር መብራት እልም ይላል። መብራቱ ሲመለስ ትምህርቱ አልፎናል፤ አይጠብቅም። ሳተላይቱ ግን ከቦታው ንቅንቅ አላለም ነበር። ስለ ሳተላይት ኢንተርኔት በተወራ ቁጥር ያ ክፍል ይታወሰኛል።

ጥቅሙ ግን እውነተኛ ነው። ከሚሴ ዙሪያ ያለው፣ የቦርከና ወንዝ የሚያጠጣው የጨፋ ሜዳ ለጥ ያለ ቢሆንም ዳር ዳሩ ተራራ ነው። የሞባይል ሞገድ ተራራ አይበሳምና ከታወሩ የተጋረደ ቤት ኔትወርክ ይቸግረዋል። ሳተላይት ታወርም፣ የተቀበረ ፋይበርም አይፈልግም።

የቆየው ዓይነት፣ በባንክ ቅርንጫፎች ጣሪያ ላይ የምናየው፣ 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ከቆመ ሳተላይት ጋር ይገናኛል። መልእክቱ ያን ሁሉ መንገድ ወጥቶ ወርዶ መልሱ እስኪመጣ ግማሽ ሰከንድ ያልፋል። በስልክ ሲያወሩበት ሁለቱም እኩል ይጀምራሉ፣ እኩል ዝም ይላሉ። አዲሱ ዓይነት፣ ኬንያ በሐምሌ 2015 ዓ.ም. የገባው ስታርሊንክ፣ ግን 550 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የሚዞሩ በሺዎች የሚቆጠሩ ሳተላይቶች ስላሉት መዘግየቱ እምብዛም አይታወቅም። ሳተላይቶቹ ስለሚንቀሳቀሱ ግን ዲሹ ሰፊ ሰማይ ማየት አለበት፤ ግራር ሥር ከተከሉት ይቆራረጣል። በሐምሌና በነሐሴ ዶፍ ሲወርድም መስመሩ ይደክማል፤ ሲያባራ ይመለሳል። ይሄ የሚቻል ነው።

የሚከብደው መብራቱ ነው። መደበኛው የስታርሊንክ ዲሽ ከ75 እስከ 100 ዋት ይወስዳል። ለአምፖልና ለስልክ ቻርጅ የሚተከለው ትንሽ ሶላር ይህን አይችልም። ባለ 12 ቮልት፣ 100 አምፒር ሰዓት ባትሪ እንኳ እንዳይጎዳ ግማሹን ብቻ ከተጠቀሙበት ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ቢያቆይ ነው።

ሌላው ፈቃድ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148 ፈቃድ የመስጠቱን ሥልጣን ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሰጥቷል። ዘመድ ከውጭ በሻንጣ ዲሽ ሊያመጣልዎ ቢል፣ ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት ባለሥልጣኑን ይጠይቁ።

ኔትወርክ ባለበት ከሚሴ ከተማ ውስጥ ለአንድ ቤት ብቻ ይህን ወጪ አልመክርም። ታወር ያልደረሰው ቀበሌ ግን ሌላ ነው። እዚያ አንድ ዲሽ ትምህርት ቤቱ ወይም ጤና ኬላው ላይ፣ በፈቃድ ተተክሎ፣ ሰፈሩ ሁሉ ቢጠቀምበት ደስ ይለኛል። ገንዘቡ ሲመደብ ግን መጀመሪያ ሶላሩና ባትሪው ይገዛ፤ ዲሹ ከዚያ ይከተል።