በስፓኒሽ ሐኪም መሆን

አዲስ አበባ፣ ቸርችል ጎዳና አጠገብ፣ ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት የትግላችን ሐውልት ቆሟል። በኦጋዴን ጦርነት የወደቁ ኢትዮጵያውያንና ከጎናቸው ተሰልፈው የወደቁ ኩባውያን መታሰቢያ ነው። ኢትዮጵያ ከኩባ ጋር ያላት የትምህርት ታሪክም ከዚያው ጦርነት ይመዘዛል።

እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ በጦርነቱ ወላጆቻቸውን ያጡ ልጆችን ጨምሮ በሺዎች የሚቆጠሩ ታዳጊዎች ወደ ኩባ ተልከው በወጣቶች ደሴት ተማሩ። የቀኑን እኩሌታ በክፍል፣ እኩሌታውን በሎሚና ብርቱካን እርሻ ያሳልፉ ነበር። ሲሄዱ ስፓኒሽ አያውቁም፤ ከጊዜ በኋላ ግን በዚያው ቋንቋ ሕክምና የተመረቁ ከመካከላቸው ወጡ።

ዛሬ ከአሰላ ወይም ከበቆጂ 12ኛ ክፍልን ጨርሶ ይህን መንገድ የሚያስብ ወጣት ቋንቋውን ከሚገባው በላይ ሳይፈራው አይቀርም። አርሲ ዩኒቨርሲቲ አሰላ ላይ የሚያሠለጥናቸውን የሕክምና ተማሪዎች ይመልከት፦ መጽሐፋቸው እንግሊዝኛ ነው፤ ከገጠር የመጣውን በሽተኛ የሚጠይቁት ግን በአፋን ኦሮሞ ወይም በአማርኛ ነው። በሁለት ቋንቋ መካከል መመላለስ ለአርሲ ልጅ እንግዳ ነገር አይደለም።

ስፓኒሽ አምስት አናባቢ ብቻ አለው፤ በአብዛኛው እንደተጻፈ ይነበባል፤ ፈረንጅ የሚቸገርበት «ኝ» ለኛ አፍ የለመደው ድምፅ ነው። የሰውነት ክፍሎችና የበሽታ ስሞችም ብዙዎቹ እንደ እንግሊዝኛዎቹ ከላቲንና ከግሪክ የመጡ ናቸው። የሚያለፋው የግሡ እርባታ ነው። ከዚያም የሚብሰው የበሽተኛው አነጋገር! የሃቫና ሰው በቃል መጨረሻ ያለውን «ስ» እየዋጠ በፍጥነት ይናገራልና፣ በመማሪያ መጽሐፍ ብቻ የሠለጠነ ጆሮ ሆስፒታል ሲገባ ግራ ይጋባል።

በሮቹ የተለያዩ ናቸው። ሃቫና ያለው የላቲን አሜሪካ የሕክምና ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1999 በቀድሞ የባሕር ኃይል አካዳሚ ግቢ ተከፈተ። ስፓኒሽ የማይችለው መጀመሪያ የቋንቋና የመሰናዶ ኮርስ ይወስዳል፤ ሕክምናው ራሱ 6 ዓመት ነው። ከመጀመሪያዎቹ 2 ዓመታት በኋላ ተማሪዎች በኩባ ልዩ ልዩ የሕክምና ዩኒቨርሲቲዎች ይመደባሉ። ትምህርቱ በስኮላርሺፕ ስለሆነ የሚጠየቀው የኩባ ኤምባሲ ነው።

ስፔን ቀላል አይደለችም። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከፍተኛ የመግቢያ ነጥብ ከሚጠየቅባቸው ትምህርቶች አንዱ ሕክምና ነው፤ የአገሬው ልጆችም ይወድቁበታል። የቦነስ አይረስ ዩኒቨርሲቲ በአንጻሩ የመግቢያ ፈተና የለውም፤ ይሁንና ማጣሪያው አይቀርም፤ ተማሪው በመጀመሪያ የጋራ መሠረታዊ ኮርሱን ማለፍ አለበት።

የቋንቋ ማስረጃን በተመለከተ፣ የሰርቫንቴስ ተቋም የሚሰጠው «ዴሌ» ጊዜው አያልፍም፤ «ሲየሌ» የተባለው ግን የሚያገለግለው 5 ዓመት ነው። ሕክምና መማር ገና ከዓመታት በኋላ ላሰበ ሰው የመጀመሪያው ይሻላል።

ብዙዎች የሚዘነጉት መመለሻውን ነው። የውጭ ዲግሪ ይዞ የሚመጣ ሐኪም በአገር ቤት የአቻ ግምት ማግኘት፣ ከዚያም የሙያ ፈቃድ ማውጣት ይኖርበታል። ስለዚህ ደላላ ዘንድ ሄዳችሁ ብር ከመክፈላችሁ በፊት፣ የመረጣችሁት ትምህርት ቤት ዲግሪ ተቀባይነት እንዳለው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣንን ጠይቁ።